ዋሻውን ጣራ ያደረገው ንጉሥ

ከሰቆጣ ተነስቶ የላሊበላን መንገድ የያዘ ተጓዥ፣ የዋግን ደረቅ ኮረብቶች አልፎ ወደ ላስታ ሲዘልቅ ቢልባላ የምትባል አነስተኛ ከተማ ያገኛል። ከዚያ አካባቢ ወደ አቡነ ዮሴፍ ተራራ የሚገነጠል መንገድ አለ። አብዛኛው ሰው ላሊበላ ለመድረስ ስለሚቸኩል መገንጠያውን ዝም ብሎ ያልፈዋል። የታጠፈ ግን ብዙም ሳይቆይ ሌላ አገር የገባ ይመስለዋል። ጋራው ሁሉ ተራቁቶ፣ ሜዳው ዛፍ አልባ ሆኖ ሲያየው ከቆየ በኋላ ድንገት የጥድ ደን ይቀበለዋል። ደኑን በእግር አቋርጦ ሽቅብ ሲወጣ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ግድም ላይ አንድ ትልቅ ዋሻ ይጠብቀዋል። በዋሻው ውስጥ ከ800 ዓመት በላይ ያስቆጠረ ቤተ ክርስቲያን ቆሟል። ሕንፃውም ቦታውም የሚጠሩት በአሠሪው ስም ነው፤ ይምርሐነ ክርስቶስ።

ይምርሐነ ክርስቶስ ከዛጉዌ ነገሥታት አንዱ ነው። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ቅዱሳን ብላ የምታከብራቸው የዛጉዌ ነገሥታት አራት ሲሆኑ፣ እሱ ከሐርቤ፣ ከላሊበላና ከነአኵቶ ለአብ ጋር ይቆጠራል። በዘመንም ከላሊበላ ይቀድማል። የነገሠበትን ዓመት በተመለከተ ግን የነገሥታቱ ዝርዝሮች እርስ በርሳቸው ስለማይስማሙ፣ የታሪክ ጸሐፊዎች ከ11ኛው እስከ 12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ድረስ ያመላልሱታል። ገድሉ 40 ዓመት መንገሡን ይናገራል። ገድሉ የተጻፈው ከእሱ ዘመን ዘግይቶ በመሆኑ፣ የትኛው ታሪክ የትኛው ደግሞ የአማኝ ፍቅር የጨመረው እንደሆነ መለየት አስቸጋሪ ነው። ለማንኛውም ሕንፃው ስላለ፣ ገድሉ ዝም ባለበት ቦታ ሕንፃውን መጠየቅ ይቻላል።

ላስታ ዛሬ በአስተዳደር ከሰሜን ወሎ፣ ሰቆጣ ደግሞ ከዋግ ኽምራ ብትቆጠርም የሁለቱ ታሪክ የተጋመደ ነው። ዛጉዌዎች ከአገው ሕዝብ የወጡ ነገሥታት ናቸው። በ1262 ዓ.ም. መንግሥቱ ወደ ይኩኖ አምላክ ሲያልፍ ወራሾቻቸው ዋግን ይዘው እንደቀሩ ትውፊት ይናገራል። ዋግሹም የሚለው ማዕረግም፣ በብር ወንበር የመቀመጥ መብትም ከዚያ ስምምነት እንደመጣ ይታመናል። ከዚሁ ቤት የወጡት ዋግሹም ጎበዜ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ከ1860 እስከ 1863 ዓ.ም. ነግሠዋል። ስለዚህ የሰቆጣ ሰው ይምርሐነ ክርስቶስን ሲያነሳ የጎረቤት ንጉሥ እያወራ አይደለም፤ የራሱን ዘር እየቆጠረ ነው።

እንደ ገድሉ አባቱ ግርማ ሥዩም የንጉሡ የጠጠውድም ወንድም ነበር። ሕፃኑ አንድ ቀን እንደሚነግሥ ትንቢት በመነገሩ ንጉሡ አጎቱ ሊያጠፋው አሰበ። እሱም ተሰደደ። ይህ ታሪክ ለዛጉዌ ቤት እንግዳ አይደለም፤ ላሊበላም በወንድሙ በሐርቤ ምክንያት ብዙ መከራ እንዳየ ይነገርለታል። ዙፋን ከወንድም ወደ ወንድም፣ ከአጎት ወደ ወንድም ልጅ በሚተላለፍበት ቤት ሁሉም ዘመድ ተፎካካሪ ነው። ይምርሐነ ክርስቶስ በስደት ሳለ ክህነት ተቀበለ፤ አጎቱ ሲሞት ተመልሶ ዘውድ ጫነ። ንጉሥ ከሆነም በኋላ መቀደሱን አልተወም። ሲቀድስ ኅብስቱና ወይኑ ከሰማይ ይወርድለት ነበር የሚለው ታሪክ በላስታ ዛሬም ይተረካል።

ስለ አገዛዙ የሚነገረው ጥቂት ነው። ከአንድ በላይ ሚስት የማግባትን ልማድ ለማስቀረት መጣሩ፣ ከግብፅ ቤተ ክርስቲያን ጋር የነበረውን ግንኙነት ማጥበቁ፣ ዝናውም ከግብፅና ከኢየሩሳሌም ድረስ ተሳላሚዎችን መሳቡ ይጠቀሳል። ተሳላሚዎቹ 5,740 እንደነበሩና እዚያው አርፈው እዚያው እንደተቀበሩ ካህናቱ ይናገራሉ። ቁጥሩን ማን እንደቆጠረው አይታወቅም። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ በዋሻው ጨለማ ውስጥ የተከመረውን አጽም ያየ ሰው ግን በቁጥሩ ላይ ለመከራከር ብዙም አይነሳሳም።

ከሁሉ ይበልጥ የሚናገርለት ግን ሥራው ነው። አንድ ንጉሥ ቤተ ክርስቲያን ሊያሠራ ሲነሳ የመጀመሪያው ውሳኔ የቦታ ምርጫ ነው። አምባ ላይ ቢያሠራው ከሩቅ ይታይለት ነበር። እሱ የመረጠው ግን ከታች ሆኖ ቀና ያለ ሰው በቀላሉ የማያየውን ዋሻ ነው። የመረጠበትን ምክንያት ገድሉ ለመለኮት ትእዛዝ ይሰጠዋል። የሕንፃ ባለሙያ ደግሞ ሌላም ነገር ያያል። በላስታና በዋግ ደጋ የሕንፃ ቀንደኛ ጠላት ውሃ ነው። ክረምቱ አጭር ቢሆንም ዝናቡ ሲወርድ በኃይል ነው፤ በጭቃ የተያያዘ ግድግዳን ከላይ እየገባ ይሸረሽራል፣ የጣራ እንጨትን ያበሰብሳል። ከዝናቡ በኋላ ደግሞ ወራት የሚዘልቅ ፀሐይ አለ። ዋሻው ሁለቱንም ያስቀራል። ንጉሡ ለሕንፃው ሁለት ጣራ ሰጠው ማለት ነው፤ አንዱን አናጢ ሠራው፣ ሌላውን ተራራው አዘጋጅቶ ጠበቀው።

ግድግዳው በአክሱም ዘመን የተለመደውን ስልት የተከተለ ነው። በደብረ ዳሞም የዚሁ ስልት ዘመድ ይታያል። አንድ ረድፍ ድንጋይ ይደረደራል፣ በላዩ አግዳሚ እንጨት ይጋደማል፣ ከዚያ እንደገና ድንጋይ ይከተላል። የድንጋዩ ረድፍ በነጭ የተለሰነ ሲሆን እንጨቱ ጠቁሯል። ከሩቅ ሲያዩት ግድግዳው ጥቁርና ነጭ ጥለት የለበሰ ይመስላል። ውበቱ ግን ከጥቅሙ የመጣ ነው። ድንጋይ ሸክም ይችላል፤ ወደ ጎን ሲሳብ ግን ይለያያል። እንጨት ደግሞ ሲሳብም ይይዛል። አግዳሚዎቹ ግድግዳውን እንደ መቀነት ከዳር እስከ ዳር ያስሩታል፤ መሬቱ ትንሽ ቢሰምጥ ወይም ቢንቀጠቀጥ አንዱ ጥግ ብቻውን ተሰንጥቆ እንዳይወርድ ያደርጋሉ። የዘመኑ መሐንዲስ ከብሎኬቱ መካከል ብረት ያለው የኮንክሪት ማሰሪያ የሚያስገባው ለዚሁ ነው። ተመሳሳይ አሠራር በቱርክና በሂማላያ ተራሮችም አለ። እ.ኤ.አ. በ2005 ካሽሚርን የመታው የመሬት መንቀጥቀጥ ብዙ ሕንፃ ሲያፈርስ፣ በእንጨት የታሰሩ የድንጋይ ግድግዳዎች ካልታሰሩት በተሻለ መቆማቸውን መሐንዲሶች ታዝበዋል። የፓኪስታን መንግሥትም ለመልሶ ግንባታው ከፈቀዳቸው ስልቶች መካከል አንዱ ይኸው የቆየ አሠራር ነበር።

ሌላው አስገራሚ ነገር መሠረቱ ነው። የዋሻው ወለል ደረቅ አለት አይደለም። ካህናቱ ቦታው ረግረግ፣ እንዲያውም ሐይቅ እንደነበረና ንጉሡ በእንጨት ርብራብ፣ በጭድና በአፈር አስደልድሎ ሕንፃውን በላዩ እንዳቆመው ይናገራሉ። ለስላሳ መሬት ላይ የሚያርፍ ክብደት በአንድ ቦታ ከተጫነ ይሰምጣል፣ በሰፊው ከተዘረጋ ግን ይቆማል። ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ ጥቁር አፈር ላይ ሕንፃ የሚያቆም ድርጅት ለዚህ መፍትሔ ብዙ ሲሚንቶና ብረት ያፈሳል። የንጉሡ አናጢዎች ችግሩን በእጃቸው ባለው ነገር ተወጡት።

ውስጡን ደግሞ ማየት ነው። መካከለኛው ክፍል ከፍ ብሎ የእንጨት ጣራ ተሸክሟል፤ ጣራው በተቀረጹና በተቀቡ ጌጦች ተሞልቷል። ግድግዳው ላይ ያሉት ሥዕሎች በአገሪቱ እስከ ዛሬ ከተረፉት ጥንታዊ የግድግዳ ሥዕሎች መካከል ይመደባሉ። መስኮቶቹ በልዩ ልዩ የመስቀል ቅርጽ የተፈለፈሉ ናቸው። በዋሻ ውስጥ ብርሃን ውድ ዕቃ ነው። ከዋሻው አፍ የሚገባው ጥቂት ብርሃን በነጩ ልስን ላይ እየነጠረ በእነዚያ መስኮቶች ይገባል። በኋለኛው ዘመን ከዋሻው አፍ ላይ የተሠራው አጥር ዋሻውን ከውጭ ማየት ለሚፈልግ ሰው ደስ የሚል አይደለም። ያንን አጥር ያሠሩ ሰዎች ስለ ጥበቃ አስበው ይሆናል፤ ንጉሡ ግን ስለ ጥበቃም ስለ ዓይንም ያሰበ ይመስላል።

ከግድግዳው ባሻገር የንጉሡ መኖሪያ ነበር የሚባል ሌላ ሕንፃ በዚያው ዋሻ ውስጥ አለ። ቤተ መንግሥት ለማለት ትንሽ ነው። ትውፊቱ እውነት ከሆነ አርባ ዓመት የነገሠ ሰው ከሠራው ቤተ ክርስቲያን ጥቂት እርምጃ ርቆ፣ በዚያው ጣራ ሥር ይኖር ነበር።

እንጨቱና እብነ በረዱ ከግብፅና ከኢየሩሳሌም እንደመጣ የሚተርኩ አሉ። ሩቅ አገር ከሚመጣ ዕቃ ጋር ክብር አብሮ እንደሚመጣ ማሰብ የዛሬ ብቻ ጠባይ አይደለም። ሸለቆውን የሞላው ጥድና ወይራ ግን ሌላ ነገር ያስገምታል። ጥድ ምስጥ በቀላሉ አይደፍረውም። ወይራም ጽኑ እንጨት ነው። እነዚህን ደጁ ላይ ያገኘ አናጢ ባሕር ተሻግሮ ግንድ የሚያስመጣበት ምክንያት ለዚህ ጸሐፊ አይታየውም።

ዘላቂ ልማት የሚለው ሐሳብ በዓለም መድረክ የገነነው እ.ኤ.አ. በ1987፣ በኖርዌይዋ ጠቅላይ ሚኒስትር በግሮ ሃርለም ብሩንትላንድ የተመራው የተባበሩት መንግሥታት ኮሚሽን ሪፖርቱን ካወጣ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ የአርክቴክቸር ተማሪ ሁሉ አካባቢ፣ ማኅበረሰብና ኢኮኖሚ የሚባሉትን ሦስት ጉልቻዎች በቃሉ ይላቸዋል። ተመርቆ ሲወጣ ግን ደንበኛው ፊቱ በሙሉ መስታወት የሆነ ሕንፃ ያዘዋል፤ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ሲመታው የሚግል፣ ለማቀዝቀዝ መብራት የሚበላ ሕንፃ። መብራት ሲጠፋ ደግሞ መስኮቱ የማይከፈት! ይህንን ለሚያውቁ የከተማችን ባለሙያዎች የላስታው ንጉሥ ሥራ የሩቅ ታሪክ ብቻ ሊሆን አይገባም።

እርግጥ ነው፣ ይምርሐነ ክርስቶስን የዘላቂ ልማት አባት ብሎ መሾም ማጋነን ይሆናል። የሠራው ለእግዚአብሔር ነው፤ ያዘዘውም እንደ ንጉሥ ነው። ድንጋዩን የተሸከሙት፣ ግንዱን ከጫካ ያወጡት፣ መስኮቱን የፈለፈሉት ሰዎች ስማቸው አልደረሰንም። ተከፍሏቸው ይሁን ታዘው፣ ጠግበው ይሁን ተርበው የሠሩት ገድሉ ጉዳዩ አይደለም። የላሊበላን ሥራ መላእክት አገዙት ሲባል ብዙ ሰው የሚዘነጋው እነዚያን ገበሬዎችና አናጢዎች ነው። ስለ ሕንፃ ማኅበራዊ ገጽታ የሚያወራ ሰው እነሱን ሳያነሳ ቢያልፍ ሒሳቡ ይጎድላል።

ከላሊበላ ጋር ማነጻጸሩም አይቀርም። ላሊበላ አብያተ ክርስቲያናቱን ከመሬት በታች ከአለት ፈልፍሎ አወጣ። ለውሃው መውረጃ ቦይ ቢያበጅለትም ጣራዎቹ ለሰማይ የተጋለጡ ናቸው። በዓለም ቅርስነት እ.ኤ.አ. በ1978 የተመዘገቡት እነዚህ ሕንፃዎች በዝናብና በፀሐይ መፈራረቅ እየተጎዱ በመሄዳቸው፣ እ.ኤ.አ. በ2008 በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ በብረት ምሰሶ የቆሙ መጠለያዎች ተሠሩላቸው። ጊዜያዊ ተብለው የቆሙት መጠለያዎች ዓመታት ሲቆጠሩ ክብደታቸው ራሱ ስጋት ሆነ፤ ነዋሪውም ይወድቁብናል እያለ አቤቱታ አሰማ። የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ኢማኑኤል ማክሮን እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2019 ላሊበላን ከጎበኙ በኋላ ነው ዘላቂ ላሊበላ የተባለው የሁለቱ አገሮች ፕሮጀክት የተጀመረው። የይምርሐነ ክርስቶስ ሕንፃ እንዲህ ያለ መጠለያ አላስፈለገውም። ንጽጽሩ ለላሊበላ ፍርደ ገምድል ሊሆን ይችላል፤ ዋሻ በተፈለገበት ቦታ ሁሉ አይገኝም። ነገር ግን የላሊበላ ተከታይ ነአኵቶ ለአብም ዋሻ መርጦ፣ ከጣራው የሚንጠባጠበውን ውሃ በድንጋይ ገበታ እያጠራቀመ ለጠበል ማዋሉ፣ የአጎቶቹን ሁለት መንገድ አይቶ የመረጠ ያስመስለዋል።

በሰቆጣ አቅራቢያ የሚገኘው ውቅሮ መስቀለ ክርስቶስ ደግሞ ሦስተኛ ነገር ያሳያል። ከአለት የተፈለፈለ ሆኖ ሳለ መስኮቱና መቃኑ የእንጨት ሥራን አስመስሎ ተቀርጿል። በውስጡ የዋግሹሞች ነው የሚባል፣ ሳይፈርስ የደረቀ አስከሬን በሣጥን ተቀምጧል። ጠራቢው የአናጢውን ቋንቋ ያውቅ ነበር ማለት ነው። የዋግ ሰው ዛሬም በድንጋይና በጭቃ ቤት መሥራት ያውቃል። አዲሱ ቤት ግን በብሎኬትና በቆርቆሮ ነው የሚሠራው፤ ሲሚንቶው፣ ብረቱ፣ ቆርቆሮው ሁሉ ከሩቅ ተጭኖ ይመጣል። ቆርቆሮ ቀን ይግላል፣ ሌሊት ይበርዳል፤ ነገር ግን በየዓመቱ ክዳን መቀየር ስለማይጠይቅና ሣሩም ስለጠፋ ገበሬው ቢመርጠው አይፈረድበትም።

ዋናው ጭንቀት እዚህ ላይ ነው። የይምርሐነ ክርስቶስ ሕንፃ በግማሽ እንጨት ነው። እንጨት ዘላለም አይኖርም። አንድ አግዳሚ ቢበሰብስ፣ አንድ የጣራ ወራጅ ቢሰበር ምትኩ ከየት ይመጣል? ለእንዲህ ያለ ሥራ የሚበቃ ጥድ ለማደግ የአንድ ሰው ዕድሜ ያህል ጊዜ ይፈልጋል፤ ፈጥኖ የሚደርሰው ባሕር ዛፍ ደግሞ ቦታውን አይተካም። በዋግና በላስታ ተራሮች ላይ ጥድና ወይራ በብዛት የተረፈው በየቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ነው። በአማራ ክልል የአብያተ ክርስቲያናትን ደኖች ያጠኑት የደን ሳይንቲስቱ ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ሲያሳስቡት የኖሩት ጉዳይ ይኸው ነው፤ ከደጋው ጥንታዊ ደን የቀረው ቅሪት በአጥር ግቢ የሚቆጠር ሆኗል። ስለዚህ ከዋሻው በታች ያለው ደን ለጎብኚ ፎቶ የቀረ ጌጥ አይደለም። የሕንፃው መለዋወጫ መጋዘን ነው።

ያንን መጋዘን የሚጠብቀው ማን ነው? በሕግ ሳይሆን በፍርሃትና በክብር የሚጠብቀው በዙሪያው ያለው ገበሬ ነው። ማገዶ ሳይኖረው ከደኑ አይቆርጥም፤ ግጦሽ ሲያጥረው ከብቱን አይሰድበትም። ይህ ዋጋ በማንም መዝገብ አልተጻፈም። በ1977ቱ ረሃብ ከክፉኛ ከተጎዱት መካከል የዋግና የላስታ ሕዝብ ነበር፤ ብዙዎች ወደ ኮረም መጠለያ በእግራቸው ተሰደዋል። እ.ኤ.አ. በ2015 መንግሥት የሕፃናትን መቀንጨር እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ለማጥፋት ቃል ሲገባ ሰነዱን በሰቆጣ ስም የጠራው ችግሩ የት እንደሚከብድ ስለሚያውቅ ነው። በአካባቢው እርከን ተሠርቷል፤ ተራሮች ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ተከልለው እንዲያገግሙ ተደርጓል። ያገገመ ተራራ አበባ ሲያወጣ ለሰቆጣ ማር ይተርፋል፤ የዋግ ሰው ደን ለምን እንደሚያስፈልግ ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አያስፈልገውም።

ከደኑ ጥበቃ ገቢ ያመጣል ተብሎ ተስፋ የተጣለበት ቱሪዝም ደግሞ አስተማማኝ አልሆነም። እ.ኤ.አ. በ2020 ኮሮና ጎብኚውን አስቀረ። በ2021 ጦርነቱ ላስታና ዋግ ደረሰ፤ ላሊበላ በአንድ ዓመት ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ ተቀባበለች። እ.ኤ.አ. ከ2023 ወዲህ በክልሉ የተቀሰቀሰው ግጭትም መንገዱን መልሶ ዘጋበት። ለአስጎብኚው፣ በቅሎ ለሚያከራየው ወጣት የዕለት እንጀራ ጠፋ ማለት ነው። ማገዶ ሸጦ የሚያድርበት ጊዜ ሲመጣ ያንን ደን አልፎ ሌላ ጫካ ፍለጋ መሄድ ከባድ ፈተና ነው። ቅርስ እናስጠብቃለን የሚሉ መሥሪያ ቤቶች ስለ ሥዕሉና ስለ ግድግዳው የሚጨነቁትን ያህል ለዚህ ወጣት ሌላ መተዳደሪያ ካልፈለጉለት፣ የሚጠብቁት ግማሹን ሕንፃ ብቻ ነው።

ይምርሐነ ክርስቶስ ያረፈው በሠራው ቦታ ነው። መታሰቢያው ጥቅምት 19 ቀን ይከበራል። መቃብሩ በዋሻው ውስጥ፣ በቤተ ክርስቲያኑና ከሩቅ አገር መጡ በሚባሉት ተሳላሚዎች አጽም አጠገብ ይገኛል፤ በጨርቅ ተሸፍኗል። ደኑን አቋርጠው የወጡ ምእመናን ጫማቸውን አውልቀው እየዞሩ ይሳለሙታል።